አብረን ያመለከትንበት ፌሎሺፕ

የቅርብ ጓደኛችሁ ደስ የሚል ወሬ ሲነግራችሁ ፊታችሁን ምን እንደምታደርጉት አላውቅም። እኔ የገዛ ፊቴን ማዘዝ ያቃተኝ ባለፈው ዓመት፣ ጭሮ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ትንሽ ወረድ ብላ ባለች ሻይ ቤት ነው። ሙክታር ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «እስኪ ይችን ኢሜይል አንብባት፤ በትክክል ገብታኝ እንደሆነ» አለኝ። አነበብኳት። በትክክል ገብታዋለች። ለቃለ መጠይቅ ተመርጧል። ጉንጮቼን ወደ ላይ ለመሳብ ሞከርኩ፤ የግራው እሺ አለኝ፣ የቀኙ እንቢ አለ።

ሙክታር ትንሽ አየኝና «ጥርስህን አሞሃል እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ መንጋጋዬ ነው» አልኩት።

በዚች ውሸት ምክንያት ያን ቀን ሳምቡሳዬን ሳልበላ ቀረሁ። ለመንጋጋዬ አዝኖ እሱ በላልኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። እኔና ሙክታር በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪያችንን የምንማር ጓደኛሞች ነን። እሱ የሂርና ልጅ ነው፤ ቦኬ ወረዳ ውስጥ በጤና ጣቢያ ሲሠራ ቆይቶ ነው ለትምህርት የመጣው። እኔ የጭሮ ልጅ ነኝ፤ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ሙክታር ዝምተኛ ነው። ክፍል ውስጥ እጁን ያወጣ ዕለት መምህሩ ራሱ ደንግጦ «ምነው፣ አመመህ?» ይለዋል። እኔ ደግሞ መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን የምጀምር ሰው ነኝ። አንዳንዴ የጀመርኩት መልስ የሌላ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ፌሎሺፑ በዓለም አቀፍ ጤና ላይ ጥናት ለሚያደርጉ ተመራቂ ተማሪዎች የሚሰጥ፣ ውጭ አገር አንድ ዓመት የሚያቆይ ዕድል ነው። ማስታወቂያውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ይህ እንዲሰመርበት እፈልጋለሁ። አግኝቼም ለሙክታር የላክሁለት እኔ ነኝ፤ በደግነት። ደግነቱ ግን፣ እውነቱን ካወራን አይቀር፣ እንደማያልፍ እርግጠኛ ለሆንንበት ሰው የምናሳየው ዓይነት ደግነት ነበር።

ምክንያቱም እኔ በማመልከት የበሰልኩ ነኝ። ከዚያ በፊት ለአራት ፌሎሺፖች አመልክቼ በአራቱም ወድቄአለሁ። ከብዙ መውደቅ የተነሣ የእምቢታ ኢሜይል ሳልከፍተው አውቀዋለሁ። «ስላመለከቱ እናመሰግናለን» ብሎ ከጀመረ አለቀ። ሊያሳልፍህ ያሰበ ሰው አመስግኖ አይጀምርም።

ልምዴን አይታችሁ እንዳትንቁት። «የአመራር ብቃትዎን ያስረዱ» ለሚለው ጥያቄ ብቻ አንድ ሳምንት ሙሉ አስቤአለሁ። በሕይወቴ የመራሁት አንድ ነገር ቢኖር የድሮ መሥሪያ ቤቴን የሻይ ክበብ ነው። አባላቱ ሦስት ነበርን፤ አንዷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። ሲቪዬ ላይ ሲገባ «የሠራተኞች ደኅንነት መድረክ መሥራችና ሊቀመንበር» ሆነ። «በአስቸጋሪ አካባቢ ያገለገሉበትን ሁኔታ ይግለጹ» ለሚለው ደግሞ አሰቦት ቆላ ወርጄ መረጃ የሰበሰብኩበትን አንድ ቀን ጻፍኩ። ያልጻፍኩት፣ ሁለተኛው ቤት ስደርስ ፀሐዩ ጥሎኝ፣ መጠይቅ ልሞላላቸው የሄድኩት እናት ጥላ ሥር አስተኝተው፣ ለልጃቸው ተቅማጥ ከጤና ኬላ የተሰጣቸውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጠው እንዳጠጡኝ ነው። ቅጹ ላይ «ከማኅበረሰቡ ጋር የቅርብ ትስስር ፈጥሬአለሁ» ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በላይ ምን ትስስር አለ?

ሙክታር የእሱን ድርሰት እንዳርምለት አመጣልኝ። አንድ ገጽ ብቻ ናት። ቦኬ እያለ እናቶች ልጆቻቸውን ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ሳያመጡ ይቀሩ እንደነበር፣ ከዚያ ክትባቱን በገበያ ቀን ገበያው ዳር መስጠት ሲጀምሩ እንደመጡ፣ አሁን ይህንኑ ነገር በሌሎች ወረዳዎች ማጥናት እንደሚፈልግ ትናገራለች። በቃ።

«አቦ፣ ይሄ እኮ ወሬ ነው። እዚህ ጋ ‹ዘላቂ› ጨምር፤ እዚህ ጋ ‹ሁለንተናዊ›፤ ‹የግንዛቤ እጥረት› የሚል ደግሞ አንድም ቦታ የለም፤ ያለሱ እኮ የጤና ጥናት አይሆንም» አልኩት።

ሙክታር በትሕትና መዘገበው፤ አመሰገነኝ፤ ከዚያም አንዱንም ሳይጨምር ላከው።

የድጋፍ ደብዳቤውም እንዲሁ ነው። አማካሪያችን ዶክተር ከሥራ ብዛት የተነሣ «ራሳችሁ ረቂቁን ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ አይቼ እፈርማለሁ» አሉን። እኔ ጻፍኩ። ዶክተር መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና «ጥሩ ሰው ነው። ግን እኔ ይሄን ሰው አላውቀውም» አሉኝ። ግማሹን ሰርዘው ፈረሙልኝ። ሙክታር ግን ራሱን ማመስገን አፍሮ ባዶ እጁን ሄደ። ስላፈረ ዶክተር ራሳቸው ተቀምጠው ጻፉለት። አያችሁ? እኔ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ሳወድስ አደርኩ፤ እሱ በማፈሩ ብቻ እውነተኛ ደብዳቤ አገኘ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሀል ነው ያቺ ኢሜይል የመጣችው። የእኔ በማግስቱ ደረሰችኝ። «ስላመለከቱ እናመሰግናለን» ትላለች።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ጭሮ ውስጥ መውጫ መግቢያ አጣሁ። ከተማችን ደግሞ ወሬ የሚርቅባት ከተማ አይደለችም። ፎቶ ኮፒ ቤት ስገባ ልጅቷ «ጓደኛህ ውጭ ሊሄድ ነው አሉ፤ አንተስ?» ትለኛለች። ፀጉር አስተካካዬ ምላጩን ማጅራቴ ላይ አሳርፎ «አንተስ?» ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፓስተሩ እጄን ጨብጦ ሳይለቅ «አንተስ?» አለኝ። በአማርኛ ከዚህ ቃል የሚከፋ ስድብ አለ የሚል ሰው ካለ ያምጣና እንወዳደር።

የባሰው ግን ቤቴ ውስጥ ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎናችን ውስጥ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ አለች። ከመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ የጸሎት ደብተር ታስቀምጣለች። የምትጸልይላቸውን ሰዎች ስም በተራ ትጽፋለች። አንድ ቀን መቀስ ስፈልግ ደብተሩን ከፍቼ አየሁ። አንደኛ ሙክታር። ሁለተኛ ጉልበቷ። እኔ ሦስተኛ ነኝ።

«እማዬ፣ እኔን ከጉልበትሽ በታች አደረግሽኝ?» አልኳት።

ከስፌቷ ቀና ሳትል «ያንተ ጉዳይ እኮ አልቋል፤ የእሱ ገና ነው» አለችኝ።

በዚሁ አልበቃትም። ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት ነው፤ ሙክታር የተከራየበት ክፍል ግን ኔትወርክ አይደርስም፤ እኛ ቤት ዋይፋይ አለ። ሙክታር ይህን አንሥቶ እንዳይለምነኝ ለብዙ ቀን ስለ ኔትወርክ ወሬ በተነሣ ቁጥር ርዕስ እለውጥ ነበር። አንድ ከሰዓት ቤት መጥቶ ሳለ እናቴ ራሷ «ፈተናውን የት ሆነህ ነው የምትፈተነው ልጄ?» ብላ ጠየቀችው።

«እስካሁን አላገኘሁም እትዬ ማርታ። አላህ ያውቃል» አላት።

«እዚሁ ነዋ። የእኔ ልጅ ኮምፒውተር አለው። የስፌት መኪናዬንም ያን ቀን አላንቀሳቅስም።»

ሙክታር ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ካላስቸገርኩህ» አለኝ። እኔ መልሴን ሳላዘጋጅ ጉንጬ በራሱ ፈገግ አለ፤ በዚያ ሰዓት ሁለቱም ጉንጮቼ ታዘዙ፤ መታዘዝ የማይገባቸው ዕለት።

ኮቴንም ነገር ልንገራችሁ። ለራሴ ቃለ መጠይቅ ብዬ የገዛሁት፣ አምስት ጊዜ ወድቄ አንድም ቀን ያልለበስኩት ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነበረኝ። ሙክታር ከእኔ አጠር ይላል። ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ኮቴ የእናቴ መኪና ላይ ተጋድሟል፤ እጅጌዎቹ ሁለት ጣት ያህል ተቆርጠዋል።

«ሲለብሰው መዳፉን ዋጠው፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ እናቴ። «አንተ አሁን የትም አትሄድበትም።»

ለልምምድ ጠያቂ ሆኜ የቀረብኩትም እኔው ነኝ። በዚህ በኩል ጓደኛዬን አልበደልኩም፤ የማውቀውን ሁሉ ሰጠሁት። «በሥራህ ላይ የተሳሳትከውን ንገረን ካሉህ፣ ስሕተት የሚመስል ግን ምስጋና የሆነ ነገር ንገራቸው። ‹ሥራ ስለምወድ ዕረፍት አልወስድም ነበር› በላቸው» ብዬ አስጠናሁት። አምስት ጊዜ የወደቅሁበትን ምስጢር ምንም ሳልሰስት ሰጠሁት። ክፋት ነበረበት ወይ ብትሉኝ፣ እኔም እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ቀኑ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነው። ሙክታር የእኔን ኮት ለብሶ፣ የእኔ ወንበር ላይ፣ በእኔ ላፕቶፕ ፊት ተቀመጠ። እናቴ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ «ጌታ ሆይ፣ አፉን ክፈትለት፤ በኢየሱስ ስም» ብላ ጸለየች። ሙክታር ዓይኑን ጨፍኖ «አሚን» አለ፤ ከዚያ ደግሞ በለሆሳስ ቢስሚላህ ብሎ ከኮምፒውተሩ ቁልፎች አንዷን ነካ። እኔና እናቴ ከመጋረጃው ኋላ፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ አልጋ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በመሀላችን ስልኬን ይዣለሁ፤ መብራት ቢጠፋ በእሱ እንድናገናኝ ዳታ ሞልቼበታለሁ።

ሦስት ሰዎች ናቸው የሚጠይቁት። መጀመሪያ ስለ ጥናቱ ጠየቁት፤ ቀስ ብሎ፣ በዚያች በማትቸኩለው እንግሊዝኛው መለሰ። ቀጥሎ ስለ ቦኬ ጠየቁት፤ መለሰ። ከዚያ አንዲት ሴት «በሥራህ ላይ ከባድ ስሕተት የሠራህበትን ጊዜ ንገረን» አለችው። ሙክታር ያስጠናሁትን፣ ዕረፍት አልወስድም ነበር የሚለውን፣ አንድም ቃል ሳያጎድል አለው።

ሴትየዋ በጣም በጨዋነት «ይህ ስሕተት አይመስለኝም። የምር የተሳሳትከውን ንገረን» አለችው።

ሙክታር አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። በዚያ መሀል ከጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ጠፋ። ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። የሴትየዋ ድምፅ እንደተቆረጠ ክር ቀረ።

«መብራት ሄደ መሰለኝ። ስልክህን ልታገናኝልኝ ትችላለህ?» አለ ሙክታር ከመጋረጃው ወዲያ።

መልሴ ምን እንደነበረ ልናገር። «እሺ፣ ስልኬን የት እንዳደረግኩት እየፈለግኩ ነው» አልኩ። ስልኬ በእጄ ነው። ተነሣሁ፤ ትራሱን አነሣሁ፤ አስቀመጥኩ። ብርድ ልብሱን አራገፍኩ። ጎንበስ ብዬ አልጋ ሥር አየሁ። አልጋ ሥር ሆኜ የማስበው ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም፤ መብራት ነው የጠፋው። ሰዎቹ ትንሽ ቆይተው ወደሚቀጥለው አመልካች ይሄዳሉ። እኔ አልነካሁም። ነገ ከነገ ወዲያ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አብረን መብራቱን እንረግማለን። እንደ ድሮው ሁለታችንም ቀሪዎች እንሆናለን። ይህን ሳስብ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ያቺ ኢሜይል ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለል አለኝ።

ስቃና እናቴ እያየችኝ ነው። ፊቴን አይደለም የምታየው፤ እጄን ነው።

«የምትፈልገው እሱን ነው?» አለችኝ፤ በሹክሹክታ።

እናቴ በሕይወቴ ሙሉ ብዙ ተቆጥታኛለች። ያን ቀን ግን አልተቆጣችም። አንድ የማታውቀውን ሰው እንደምትጠይቅ ነው የጠየቀችኝ። ያ ድምፅ ከዚያ በፊት ለእኔ ወጥቶ አያውቅም። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁና ስልኬን አገናኘሁለት። ሙክታር ቀና ብሎም አላየኝ፤ አንድ የሚያየው ነገር ያለ ይመስል ግድግዳው ላይ ፈዝዟል።

ሰዎቹ አልሄዱም፤ እየጠበቁት ነበር። ሙክታር ይቅርታ ጠየቃቸውና ድርሰቱ ውስጥ ያልጻፈውን ነገራቸው። ቦኬ እያለ ስለቀሩት እናቶች መጀመሪያ የጻፈው ሪፖርት እናቶቹን የሚወቅስ ነበር፤ አያውቁም፣ ግድ የላቸውም የሚል። ሪፖርቱ ተልኮ፣ ትምህርት እንዲሰጣቸው ተወስኖ፣ እሱ ራሱ ሊያስተምራቸው ቤት ለቤት ሄደ። አንዲት ሴት በሯ ላይ አቆመችውና «ሦስት ጊዜ መጥተህ አጣኸን። የት እንደነበርን ግን አንድም ቀን አልጠየቅከንም» አለችው። ገበያ ነበሩ። የክትባቱ ቀንና የገበያው ቀን አንድ ነው። «ሪፖርቱን መልሼ ለመጻፍ አፈርኩ» አለ ሙክታር፤ «ክትባቱን ወደ ገበያው ወሰድን እንጂ ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አላስተካከልኩትም። ስሕተቴ ይሄ ነው።»

እኔ ከመጋረጃው ኋላ የራሴን ማመልከቻ አሰብኩ። «የግንዛቤ እጥረት» የሚለውን ስንት ቦታ እንደጻፍኩት ለመቁጠር ሞከርኩና አምስተኛው ላይ ተውኩት።

አለፈ። ማለፉን የሰማ ቀን ሙክታር እኛ ቤት መጥቶ እናቴን አቅፎ አለቀሰ፤ እኔንም አቀፈኝ፤ በእኔው ኮት። እኔ ግን ከዚያች ከሰዓት ጀምሮ ከእናቴ ጋር ዓይን ለዓይን አልተያየንም። ስለ ስልኩ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። ራት ስታቀርብልኝ በደንብ ታቀርባለች፤ «ብላ» ትላለች፤ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ባለመቆጣቷ ብቻ ክብደቴ ቀነሰ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ሙክታር ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው አልቻልኩም፤ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሂርና ሄድኩ። ቤታቸው ከአስፋልቱ ዳር ነው። ዘመድ ግቢውን ሞልቶታል። ሙክታርን ለብቻው ጠርቼ መንገዱ ዳር ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። የጫት መኪኖች እንደ ልማዳቸው ነፋስ ሆነው ያልፋሉ፤ አንዱ ባለፈ ቁጥር ንግግሬን አቋርጣለሁ፤ እውነቱን ለመናገር መኪና ሳይኖርም አቋርጥ ነበር። በመጨረሻ ነገርኩት። ስልኩ በእጄ እንደነበረ፣ አልጋ ሥር ያየሁት ለማስመሰል እንደሆነ፣ እናቴ ባታየኝ ኖሮ ምናልባትም እንደማልወጣ።

ሙክታር መሬቱን አየ።

«ስንት ደቂቃ ይሆናል?» አለኝ።

«ሦስት፤ ምናልባት አራት።»

«ለእኔም እንደዚያ መሰለኝ» አለ። ከዚያ ትንፋሹን ስቦ «ወላሂ እኔ ምን ሳደርግ እንደነበር ታውቃለህ? ስልክህን እንዳታገኘው ዱዓ እያደረግኩ ነበር» አለኝ።

ዞሬ አየሁት።

«ሴትየዋ የምር ስሕተትህን ንገረን ስትለኝ ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። አንተ ካስጠናኸኝ ሌላ ምንም የለኝም። መብራቱ ሲሄድ፣ ያ ረቢ ትንሽ አቆይልኝ አልኩ። እየፈለግኩ ነው ስትለኝ ደስ አለኝ። የቦኬዋ ሴት ትዝ ያለችኝ አንተ እዚያ ውስጥ ትራስ ስታነሣ ስትጥል ነው። ወዲያው ብትመጣልኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።»

«እኔ እኮ ላጠፋህ ነበር» አልኩት።

«ገብቶኛል። ከፍቶኛልም» አለ፤ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር። «ግን ልዋሽህ አልችልም፤ ያቺን ጊዜ የሰጠኸኝ አንተ ነህ። ገለቶሚ፤ አመሰግንሃለሁ።»

ከግቢው ውስጥ ስሙን ጠሩት። ተነሥቶ የሱሪውን አቧራ አራገፈ፤ እጁን ሰጥቶ ከድንጋዩ ላይ አነሣኝና «ግባ፣ ምሳ ሳትበላ አትሄድም። ከእናቴ ጋር አስተዋውቅሃለሁ» አለኝ። ገባሁ። እናቱ የልጄ ባለውለታ ብለው ሳህኔን ሦስት ጊዜ ሞሉልኝ። ሦስቱንም በላሁ።

ጭሮ ስደርስ ጀምበር ገና አልጠለቀችም። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መርፌዋ ቀዳዳ ውስጥ ክር ልታስገባ ትታገላለች። ክሩን ተቀብዬ አስገባሁላት።

«ነገርከው?» አለችኝ።

ሂርና እንደሄድኩ አልነገርኳትም ነበር።

«ነገርኩት።»

«ምን አለህ?»

«አመሰገነኝ።»

ያለውን በሙሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። እጇን ከጨርቁ ላይ ሳታነሣ አዳመጠችኝ። ስጨርስ ከንፈሯን ነክሳ ቆየች፤ ልትቆጣ ነው ስል ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያች ከሰዓት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

«እንግዲህ ልጄ፣» አለችኝ ዓይኗን በጨርቁ ጫፍ እየጠረገች፣ «ክፋት እንደሆነ አልተሰጠህም። ሌላ ነገር ሞክር።»